ደካማ ብርሃን፣ ጠንካራ ሙጫ፦ የወፍራሙ አክሪሊክ ቴፕ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 አክሪሊክ ሙጫን በብርሃን ስለመሥራት የሚናገረው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 4,181,752 ለሚኒሶታው 3ኤም ኩባንያ ተሰጠ። ከፈጣሪዎቹ ስም ቀድሞ የሰፈረው ማርተንስ የሚለው ነው። ሰነዱ አዲስ ኬሚካል ይዞ አልመጣም። ሞኖመሮቹም (ተያይዘው ፖሊመር የሚባለውን ረጅም ሰንሰለት የሚሠሩት ትንንሽ ሞለኪውሎች) ሆኑ ብርሃን ተቀብሎ ሥራውን የሚያስጀምረው ዱቄት ቀድሞ የሚታወቁ ነበሩ። አዲሱ ነገር ሁለት ልኬት ነው፦ ብርሃኑ ከ300 እስከ 400 ናኖሜትር ባለው የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ክልል ይሁን፤ ኃይሉ ደግሞ በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.1 እስከ 7 ሚሊዋት ብቻ ይሁን። ከዚህ በኋላ «ሚሊዋት» ስንል በካሬ ሴንቲሜትር ማለታችን ነው።

ሰባት ሚሊዋት እዚህ ግባ የሚባል ብርሃን አይደለም። ሰማይ ጥርት ባለበት ቀትር ፀሐይ በዚሁ ክልል የምትሰጠው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የማተሚያ ቀለም የሚያደርቅ የሜርኩሪ መብራት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዋት ይረጫል። በዩቪ የሚሠራ ሰው ሁሉ መብራቱን ለማጠንከርና መስመሩን ለማፍጠን ሲሯሯጥ ይህ ሰነድ «ቀንሱት» አለ። ቪኤችቢ በሚል ስም የሚታወቀው ወፍራም ባለ ሁለት ፊት ቴፕ በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ዋለ። ከታች ያለው ደካማው ብርሃን ለምን እንደሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራበትና የት የት እንደሚከሽፍ የሚተነትን ነው።

ችግሩ ውፍረት ነበር

በግፊት የሚጣበቅ ማጣበቂያ፣ ማለትም ሳይሞቅና ውሃ ሳይነካው በጣት ሲጫኑት ብቻ የሚይዘው ዓይነት፣ በተለመደው መንገድ የሚመረተው ፖሊመሩን በሟሟ ውስጥ ሠርቶ፣ ፊልም ላይ ቀብቶ፣ ሟሟውን በምድጃ በማትነን ነው። ለስስ ቴፕ ይህ ይበቃል። የብረት ጠርዝን ከመስታወት ጋር ለማያያዝ ግን ስስ ቴፕ አይሆንም። አልሙኒየም በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ሲረዝም ተራ መስታወት 9 እጅ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ላይ የ50 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ቢመጣ ልዩነቱ 0.7 ሚሊሜትር ይሆናል። መሐሉ ባለበት ቢቆም እያንዳንዱ ጫፍ 0.35 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። ይህን መንሸራተት የ0.05 ሚሊሜትር ሙጫ ሊሸከም ከውፍረቱ ሰባት እጥፍ መለጠጥ አለበት፤ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግን የውፍረቱን ሲሶ ያህል ብቻ ያዘነብላል።

ታዲያ ለምን አንድ ሚሊሜትር አይቀባም? የሟሟው ሙጫ 40 በመቶ ጠጣር ከሆነ አንድ ሚሊሜትር ደረቅ ለማግኘት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል እርጥብ መቅባት ያስፈልጋል። በምድጃ ውስጥ ላዩ ቀድሞ ቆዳ ይሠራል፤ ከሥሩ የታፈነው ሟሟ ሲፈላ አረፋ ሆኖ ይወጣል ወይም እዚያው ቀርቶ ከወራት በኋላ ይሸታል። ስስ ንብርብሮችን ደራርቦ መለጠፍ ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ድርብ አቧራና አየር የሚገባበት አዲስ ስፌት ነው።

ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ሟሟውን ትቶ ሞኖመሩን ራሱን መቅባትና ፊልሙ ላይ እንዳለ ወደ ፖሊመር መለወጥ ነው። የሚተን ነገር ስለሌለ ውፍረት በማድረቂያ አይገደብም። እዚህ ላይ ግን ሦስት ነገር ይጋጫል፦ የሰንሰለቱ ርዝመት፣ የሚወጣው ሙቀትና የብርሃኑ ወደ ውስጥ መዝለቅ። ደካማው ብርሃን ሦስቱንም ባንድ ጊዜ የሚያስታርቅ ሆኖ ተገኘ።

ብርሃኑ ሲጠነክር ሰንሰለቱ ለምን ያጥራል?

ብርሃን አስጀማሪው ማለትም ፎቶኢኒሼተሩ የብርሃን ቅንጣት ሲመታው ለሁለት ይሰነጠቅና ራዲካል የሚባሉ ቁጡ ቁርጥራጮች ይወልዳል። እያንዳንዱ ራዲካል ሞኖመር እያስከተለ ሰንሰለት ያስረዝማል። ሰንሰለቱ የሚሞተው ሁለት ራዲካሎች ሲገናኙ ነው። ራዲካል በበዛ ቁጥር መገናኘቱም ይበዛል፤ ሰንሰለቱም በአጭር ይቀራል። በተራው የራዲካል ኪነቲክስ (የምላሽ ፍጥነት ሒሳብ) የሰንሰለቱ ርዝመት ከብርሃኑ ኃይል ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ከ2 ሚሊዋት ወደ 200 ሚሊዋት ብንወጣ፣ ማለትም መቶ እጥፍ፣ ምርቱ የሚፈጥነው አሥር እጥፍ ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን አሥር እጥፍ ያጥራል።

የዚህ ጉዳት በቁጥር ሲታይ ግልጥ ይላል። በ3ኤም ፓተንቶች ተደጋግሞ የሚታየው ቅንብር 90 ክፍል አይሶኦክቲል አክሪሌት፣ 10 ክፍል አክሪሊክ አሲድና ሰንሰለት ከሰንሰለት የሚያስተሳስር ጥቂት ሄክሳንዲዮል ዳይአክሪሌት ነው። አስተሳሳሪው 0.08 ክፍል ቢሆን በሞሎች (በሞለኪውል ቁጥር) ሲሰላ ለ1,800 ያህል የሞኖመር አሃድ አንድ ብቻ ይደርሳል። ለምሳሌ ሰንሰለቱ 10,000 አሃድ ቢረዝም በመንገዱ አምስት ስድስት አስተሳሳሪ ይይዛል፤ መረቡም ይቋጠራል። ያው ቅንብር በመቶ እጥፍ ብርሃን ተመትቶ ሰንሰለቱ 1,000 ላይ ቢቆም ለሁለት ሰንሰለት አንድ አስተሳሳሪ ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ብዙዎቹ ከማንም ሳይታሰሩ ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ሙጫ ሲነኩት ይጣበቃል፤ ክብደት ሲሰቀልበት ግን እንደ ማር ይወርዳል።

«አስተሳሳሪውን መጨመር ነዋ» የሚል ይኖራል፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። በግፊት የሚጣበቅ ነገር የላዩን ጥቃቅን ጎድጓዳ ሞልቶ እንዲይዝ ለስለስ ማለት አለበት። ዳልክዊስት የተባለው የ3ኤም ተመራማሪ ስሙን የተከለበት መመዘኛ እንደሚለው የመለጠጥ ሞዱሉሱ (የግትርነቱ ልክ) ከ300,000 ፓስካል ገደማ በላይ ከወጣ ሙጫው በጣት ጫና አይያዝም። አጫጭር ሰንሰለቶችን በብዙ አስተሳሳሪ መቋጠር ሞዱሉሱን ወደዚያ ይገፋዋል። ረጅም ሰንሰለት በጥቂት ቋጠሮ ግን ልስላሴውን ሳያጣ ይሸከማል። ስለዚህ የብርሃን ድክመትን በአስተሳሳሪ መጠን መተካት አይቻልም።

ሙቀቱ

አክሪሌት ፖሊመር ሲሆን በሞል 80 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። ከላይ ላለው ቅንብር ይህ በግራም 0.5 ኪሎጁል ይጠጋል። ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ጅምላው ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር በካሬ ሴንቲሜትር 0.09 ግራም ስለሚመዝን የሚለቀው 45 ጁል ነው። ምላሹ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ በአማካይ 150 ሚሊዋት ይሆናል። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ሁለት ሚሊዋት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሙጫው ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የመብራቱን ሰባ እጥፍ ይበልጣል። ይህንኑ በአሥር ሰከንድ እንጨርሰው ብንል 4,500 ሚሊዋት የሚያወጣ ምጣድ ሠራን ማለት ነው። ሽፋን ፊልሙ ይኮማተራል፤ የተሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል፤ ሙቀት የሚያበረታታቸው የጎን ምላሾች ሰንሰለቱን ያቆራርጡታል፣ ቅርንጫፍም ያበዙበታል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሽሮፑ፣ ማለትም በከፊል የወፈረው የሞኖመር ቅልቅል፣ እየወፈረ ሲሄድ ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች መንቀሳቀስ ስለሚያቅታቸው መገናኘትና መሞታቸው ይቀንሳል፤ ትንንሾቹ ሞኖመሮች ግን እንደ ልባቸው ይደርሳሉ። ስለዚህ ምላሹ መሐል መንገድ ላይ በራሱ ይፋጠናል። የሙቀቱ ጫፍ የሚመጣው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ የቀዝቃዛ አየር ወይም የውሃ ማቀዝቀዣው ጉልበት መሰላት ያለበትም በአማካዩ ሳይሆን በዚህ ጫፍ ነው።

ለምን ከ300 እስከ 400 ናኖሜትር?

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አስጀማሪ 2,2-ዳይሜቶክሲ-2-ፌኒልአሴቶፊኖን ነው፤ የረጅም ጊዜ የንግድ ስሙ ኢርጋኩር 651። በ254 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የመዋጥ አቅሙ 47,000 ሚሊሊትር በግራም በሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን በ365 ናኖሜትር 360 ገደማ ብቻ ነው። በቅንብሩ 0.2 በመቶ ቢገባ፣ 254 ላይ ያለው ብርሃን 90 በመቶው በመጀመሪያው 0.12 ሚሊሜትር ውስጥ ተውጦ ያልቃል። ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ ፈሳሽ ይሆናል። 365 ላይ ያለው ግን አንድ ሚሊሜትሩን አቋርጦ ሲወጣ 86 በመቶው ገና አለ። ላይና ታች አንድ ዓይነት ሙጫ የሚያገኙት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ሒሳብ ይወጣል። «ቶሎ እንዲደርቅ» ተብሎ አስጀማሪው አሥር እጥፍ፣ ማለትም 2 በመቶ ቢደረግ፣ በ365 ላይ እንኳ ሥሩ የሚደርሰው ብርሃን ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። አስጀማሪ መጨመር ላዩን ያፈጥናል፣ ሥሩን ያስርባል፣ ሰንሰለቱንም ያሳጥራል። በዚያ ላይ የዚህ አስጀማሪ ቁርጥራጮች ሙጫውን ወደ ቢጫ ይገፉታል፤ አንደኛው ተረፈ ምርትም ሽታው የሚታወቀው ሜቲል ቤንዞኤት ነው። ከ0.1 እስከ 0.3 ክፍል መካከል መቆየቱ ይመከራል።

የሞገድ ክልሉ ከሽፋኑም ጋር ይገጥማል። ሽሮፑን ከኦክሲጅን የሚጋርደው ግልጥ የፖሊስተር ፊልም ከ320 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን አያሳልፍም። ከ300 እስከ 400 የሚያበራው ብላክላይት የሚባለው የፍሎረሰንት ዘንግ፣ ጉልላቱ 351 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ፊልሙን ያለ ችግር ያልፋል። ለጌጥና ለጭፈራ ቤት የሚውለው ያው መብራት እዚህ የማምረቻ መሣሪያ ሆነ።

አሠራሩ በመቶ ግራም

የሚከተለው በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ልክ ነው። ከመቶ ግራም በላይ በአንድ ዕቃ መጀመር አይገባም፤ መቶ ግራም ሙሉ በሙሉ ቢቀጣጠል 50 ኪሎጁል ይለቃል፣ ዕቃው ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ሰፊ ገጽ የለውም። አክሪሌቶች ቆዳን ያስቆጣሉ፤ አንዴ አለርጂ ካስያዙ ዕድሜ ልክ ነው። ጓንቱ ናይትራይል ሆኖ ጠብታ ሲነካው ወዲያው ይቀየራል።

ዘጠና ግራም አይሶኦክቲል አክሪሌት (ከሌለ 2-ኤቲልሄክሲል አክሪሌት)፣ አሥር ግራም አክሪሊክ አሲድና 0.04 ግራም አስጀማሪ በጠራ የመስታወት ማሰሮ ይቀላቀላል። አክሪሊክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ ስለሚረጋ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ በረዶ ሆኖ ይገኛል። በእንፋሎት ወይም በምድጃ ማቅለጥ ፈንጂ መነካካት ነው፤ በራሱ ወደ ፖሊመር እንዳይለወጥ የሚያደርገው መከላከያ፣ ሜቶክሲፊኖል፣ በረዶው ውስጥ እኩል አይከፋፈልም፣ ቀድሞ የቀለጠው ክፍል ያለ መከላከያ ሊቀር ይችላል። ለብ ባለ የክፍል ሙቀት ይቀልጥ፣ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ ይነቅነቅ፣ ከዚያ ነው የሚቀዳው። መከላከያው የሚሠራው ደግሞ የተሟሟ ኦክሲጅን ሲኖር ብቻ ስለሆነ የሞኖመር በርሜልን በናይትሮጅን ሞልቶ ማስቀመጥ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚፈጸም ከባድ ጥፋት ነው። ናይትሮጅን የሚገባው ሊሠራ ሲባል ብቻ ነው።

ቅልቅሉ ውስጥ ናይትሮጅን ለአሥር ደቂቃ ይነፋል፤ እየተማሰለ በአንድ የብላክላይት ዘንግ ይበራል። መጀመሪያ ምንም የለም፤ የቀረው ኦክሲጅን ራዲካሎቹን እየበላ ነው። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ይላል፣ እንደ ውሃ ይንጠባጠብ የነበረው ፈሳሽ ከማማሰያው ዘንግ ላይ ክር መምዘዝ ይጀምራል፣ ቱር ይሉ የነበሩት የናይትሮጅን አረፋዎችም እየተንጠለጠሉ መውጣት ያበዛሉ። ዓይን ከዚህ ላይ መነሳት የለበትም። ዝልገቱ 1,500 ሚሊፓስካል ሰከንድ ሲጠጋ መብራቱ ይጠፋል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ አየር ይነፋበታል፤ ኦክሲጅን ምላሹን ቀጥ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ፖሊመር የተለወጠው ከመቶ አምስት እስከ አሥር ብቻ ነው። ይህ ሽሮፕ የሚያስፈልገው ያልተነካው ሞኖመር እንደ ቤንዚን ስለሚፈስና በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ፊልም ላይ ስለማይቆም ነው።

ቀጥሎ 0.16 ግራም አስጀማሪና 0.08 ግራም ሄክሳንዲዮል ዳይአክሪሌት ይገባል። 0.08 ግራም ማለት ከፒፔት ሁለት ሦስት ጠብታ ነው፤ አንድ ጠብታ ቢሳሳት አስተሳሳሪው በሲሶ ይዛባል። ስለዚህ አስተሳሳሪውን አስቀድሞ በሞኖመር አሥር እጅ አቅጥኖ 0.8 ግራም መመዘን ይሻላል። አስተሳሳሪውን ከመጀመሪያው፣ ሽሮፑ ከመሠራቱ በፊት የጨመረ ሰው ማሰሮው ውስጥ ፊልም ላይ የማይዘረጋ ጄል ያገኛል። ማሰሮው ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንከባለልና ቀለል ባለ ቫኪዩም አየሩ ይወጣለታል።

ሽሮፑ ሲሊኮን በተቀቡ ሁለት የ50 ማይክሮን ፖሊስተር ፊልሞች መካከል ፈስሶ በቢላዋ ወይም በሮለር ይሳባል። አንድ ሚሊሜትር ከተፈለገ ክፍተቱ 1.1 ይሆናል፤ የሁለቱ ፊልም ውፍረት መደመሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሽሮፑ ሲጠነክር አሥር በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር ትክክለኛ ውፍረት ለሚፈልግ ክፍተቱን በዚያው ልክ ማስፋት ግድ ነው።

መብራቱ በሁለት ደረጃ ቢሰጥ ይመረጣል። መጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ 1 ሚሊዋት፤ ሰንሰለቱ የሚረዝመውና ሙቀቱ የሚፈላው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ሥሩ በቀዝቃዛ ሳህን ወይም በንፋስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ተኩል 4 ሚሊዋት፤ አሁን ዋናው መረብ ቆሟል፣ የቀረው ሥራ ጥራጊውን ሞኖመር መጨረስ ነው። ጠቅላላው 120 ሲደመር 600፣ ማለትም 720 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ጠቅላላው መጠን ያው ነው፤ ሙጫው ግን ሌላ ነው። የዩቪ ሥራን በሚሊጁል ብቻ የሚመዘግብ ማስታወሻ ለዚህ ቴፕ የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚከሽፍበት

ከሁሉ የሚያታልለው «ጥሩ መያዝ» ነው። ኦክሲጅን ከገባ ላይኛው ስስ ንብርብር በግማሽ ጠንክሮ ይቀራል፤ ጣት ሲነካው በጣም ያጣብቃል። ያ መጣበቅ የሙጫ ሳይሆን የሞኖመርና የአጭር ሰንሰለት ቅባት ነው። ብረት ላይ ተለጥፎ ሲላጥ ሁለቱም ፊት ላይ ቅሪት ይተዋል። እዚህ ላይ ደካማው ብርሃን ከራሱ ጥቅም ጋር ሆድና ጀርባ ይሆናል፦ ራዲካሉ ጥቂት ስለሆነ ኦክሲጅን በቀላሉ ያሸንፈዋል። ጠንካራ መብራት አየር ላይም ቢሆን ኦክሲጅንን በብዛት ይረታዋል፤ 2 ሚሊዋት አይችልም። ስለዚህ በደካማ ብርሃን የሚሠራ መስመር ወይ በሁለት ፊልም መታሸግ ወይ በናይትሮጅን ዋሻ ማለፍ አለበት። ፊልሙ ጫፉ ላይ ተነሥቶ አየር የገባበት ቦታ ከጥቅሉ ጠርዝ ሲታይ እንደ እርጥብ መስመር ያበራል።

ሌላው የሥርና የላይ ልዩነት ነው። ቴፑን ከሁለቱም ፊት በተናጠል የመላጥ ኃይል መፈተሽ ግዴታ ነው። ከመብራቱ የራቀው ፊት ደከም ካለ አስጀማሪው በዝቷል፣ ወይም ብርሃን የሚውጥ ነገር ገብቷል። ጥቁር ካርቦን የዩቪ ጠላት ነው፤ እንደ ሟሟ ሙጫው ድብን ያለ ጥቁር ወፍራም ቴፕ በዚህ መንገድ መሥራት የማይሆነው ለዚህ ነው። ግራጫ የሚደረገው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ካርቦን ነው።

ፊልሙ አልላጥ ካለ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሲሊኮኑ ነው። በደንብ ያልበሰለ አዲስ ሲሊኮን ምላሽ የሚሰጡ ጫፎች ይኖሩታል፤ አክሪሊክ አሲድ ያለበት ሙጫ እዚያው ላይ ሲጠነክር ይቆላለፋሉ። ሟሟ ሙጫ ደርቆ ሲለጠፍበት ምንም የማይለው ፊልም ሽሮፕ ላዩ ላይ ሲጠነክር ሊያስቸግር ይችላል፤ ስለዚህ ፊልሙ የሚፈተነው በሽሮፑ ነው።

የብርሃን መለኪያው ነገር ራሱን ችሎ ያስቸግራል። ሁለት መለኪያ አንድ ዘንግ ሥር ሆነው የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ፤ አንዱ ለሜርኩሪ መስመር፣ ሌላው ለሰፊ ክልል ተስተካክሎ ይሆናል። ቅንብር ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ሲተላለፍ «3 ሚሊዋት» ብቻ ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ የመለኪያው ዓይነትና የተስተካከለበት ሞገድ አብሮ ይጻፋል። የፍሎረሰንት ዘንግ ሲያረጅ ይደክማል፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ይዋዥቃል። መብራቱ ከበራ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የሚለካ ልኬት አይታመንም።

አረፋው

ወፍራሙ ቴፕ የተሟላው በሁለት ተከታይ ሐሳቦች ነው። በዚያው በ1980 የተሰጠው ፓተንት 4,223,067 ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ጥቃቅን የመስታወት ኳሶችን ከጠቅላላው ይዘት ከ20 እስከ 65 በመቶ እንዲሞሉ ሽሮፑ ውስጥ ይጨምራል። በ1983 የተሰጠው 4,415,615 ደግሞ ሽሮፑን እንደ እንቁላል ነጭ በጋዝ ደብድቦ አረፋ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ለዋጋ ብቻ አይደለም። ጠንካራው ፖሊመር ባዶ ቦታ ሲያገኝ ወጣ ገባ ገጽ ላይ ተጭኖ ይገጥማል። መስታወት ብርሃንን ይበትናል እንጂ በዚህ ክልል ብዙ አይውጥም፤ መበተኑ እንዲያውም ማዕዘኖችን ያዳርሳል። ኳሶቹ ቀላል ስለሆኑ ሽሮፑ ቆሞ ካደረ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ጥቂት የተነነ ሲሊካ ማወፈሪያ ይህን ያቆማል። በፍጥነት የሚሽከረከር ማማሰያ ኳሶቹን ይሰብራል፤ ከመቀባቱ በፊት የሽሮፑን ጥግግት መዝኖ ከሒሳቡ ጋር ማስተያየት የተሰበረውን ያጋልጣል።

ፍተሻው በምን ይጀምር?

ቀድሞ የሚመጣው ርካሹ ፈተና ነው። ሁለት ግራም ያህል ሙጫ ተመዝኖ በ120 ዲግሪ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ይገባል፤ የቀነሰው ክብደት በአብዛኛው ያልተለወጠ ሞኖመር ነው። ከመቶ ሁለት እጅ ካለፈ ሌላው ፈተና ሁሉ ትርጉም የለውም፤ መብራቱ ይመርመር። ቀጥሎ የጄል መጠን፦ ቁራጩ በብረት ወንፊት ኪስ ታስሮ ኤቲል አሲቴት ውስጥ 24 ሰዓት ይነከራል፣ ደርቆ ይመዘናል። ሳይሟሟ የቀረው መረቡ ነው። ሞኖመሩ አልቆ ጄሉ ዝቅ ካለ ሰንሰለቱ አጥሯል፤ ይኸውም መብራቱ በዝቷል ወይም ሙቀት ገብቷል።

የመላጥ ፈተና በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ፍጥነት፣ በማይዝግ ብረት ላይ፣ ከተለጠፈ 20 ደቂቃ በኋላና ከ72 ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። አክሪሊክ ሙጫ ገጹን እየረጠበ ስለሚሄድ የ72 ሰዓቱ ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ በ20 ደቂቃው ብቻ የፈረደ ሰው ጥሩውን ይጥላል። የመሸከም ፈተናው 25 በ25 ሚሊሜትር ቁራጭ ላይ አንድ ኪሎ ሰቅሎ በክፍል ሙቀትና በ70 ዲግሪ ሰዓት መቁጠር ነው። በክፍል ሙቀት ጥሩ ሆኖ በ70 የሚወርድ ቴፕ አጭር ሰንሰለት አለበት።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታ

ደካማ ብርሃን ለሁሉም የዩቪ ሙጫ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። ቀልጦ የሚቀባው የአክሪሊክ ዓይነት ፖሊመሩ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ቤንዞፊኖን መሰል ብርሃን ተቀባይ ሰንሰለቱ ላይ ተሰፍቶበታል። በ120 እና በ140 ዲግሪ መካከል ቀልጦ ይቀባና የሜርኩሪ መብራት 250 ናኖሜትር አካባቢ ሲመታው ሰንሰለቶቹ ይተሳሰራሉ። ሰንሰለቱ ቀድሞ ስለረዘመ ጠንካራ መብራት አያሳጥረውም፤ መስመሩም በደቂቃ በአሥሮች ሜትር ይሮጣል። ዋጋው ውፍረት ነው፦ ያ አጭር ሞገድ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ስለዚህ ለስስ ቴፕና ለመለያ ወረቀት ይሆናል እንጂ አንድ ሚሊሜትር አይሞከርበትም። የሽሮፑ መንገድ በተቃራኒው ዘገምተኛ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ብርሃን በ20 ሜትር ዋሻ ውስጥ ማለት በደቂቃ አራት ሜትር ነው።

ዛሬ የፍሎረሰንቱን ዘንግ በ365 ናኖሜትር ኤልኢዲ መተካት እየተለመደ ነው። ኤልኢዲ ሲበራ ወዲያው ሙሉ ነው፣ ኃይሉም በመጠምዘዣ ይቀነሳል። ግን ዕቃው ሲገዛ በሺዎች ሚሊዋት ነው የሚያበራው፤ መጠምዘዣውን ትቶ ቴፑን የሚያጓጉዘውን ቀበቶ ብቻ ያፈጠነ ሰው ሚሊጁሉ ልክ ሆኖ ይገኝለታል፤ የመላጥ ፈተናውን ያልፋል፣ በ70 ዲግሪው ላይ ግን ኪሎው መሬት ይወርዳል። ሲተካ መጀመሪያ የሚስተካከለው ከፍታውና መጠምዘዣው ነው፤ ቴፑ የሚደርስበት ቦታ ላይ መለኪያው 1 ሚሊዋት እስኪያነብ ድረስ። የቀበቶው ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።